ከ«ጠላ» እስከ «አስጠላ»

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መምህራቸው ስድስት ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ልዩነታቸውን አምጡ» ብሏቸዋል። ሄት፣ ሄትረድ፣ ኤንሚቲ፣ አኒሞሲቲ፣ ራንከር፣ ኦዲየም። ልጁ የኪስ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ በስድስቱም ትይዩ ያገኘው «ጥላቻ» የሚል ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አማርኛ ያለው አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

ትንሽ ከነከነኝ። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩለት፤ ጠብ፣ ጥል፣ ቅያሜ፣ ቂም፣ በቀል፣ ንቀት፣ ምቀኝነት፣ ጥምድ አድርጎ መያዝ፣ ዓይንህን ላፈር ማለት። እሱም በአፋን ኦሮሞ መለሰልኝ፤ ጂባ፣ ሃሎ፣ ዲኑማ፣ ቱፊ፣ ሂናፋ። ሁለታችንም ጣት አለቀብን። እዚህ ጉቴ፣ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ምላስ የሚናገር ሰው ብዙ ስለሆነ ለክፉ ስሜት የቃል ድህነት የለብንም። የመዝገበ ቃላቱ ስህተት ግን ከዚያ ማታ ወዲህ አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም እዚያች «ጥላቻ» ላይ የተሰናከለው የኪስ መዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። የአገሪቱ ሕግም እዚያው ላይ የተሰናከለ ይመስለኛል።

ከፈረንጆቹ ቃል ልጀምር። ሄት የጥንት እንግሊዝኛ ነው፤ ከጀርመን ቋንቋዎች ጋር የሚዘመድ። ሄትረድ ደግሞ ያው ቃል መጨረሻው ላይ «ሁኔታ» የሚል ትርጉም የነበረው ጭራ ተቀጥሎበት ነው። ያችው ጭራ የሥጋ ዘመዳሞችን በሚጠራው ኪንድረድ በሚለው ቃላቸው ላይም አለች። ዝምድናና ጥላቻ በአንድ ጭራ ያልቃሉ ማለት ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ፤ የእኛዎቹን «ጋብቻ» እና «ጥላቻ» አስተያይቶ ዝም ያለው ግን ወዲያው ነው። እውነትም ሁለቱን የሚዘጋቸው «ቻ» አንድ ነው።

ሦስቱን በችኮላ አለፍናቸው። ኤንሚቲ ከላቲን «ወዳጅ ያልሆነ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የእኛ ጠላትነት። አኒሞሲቲ መጀመሪያ ወኔና ልበ ሙሉነት ማለት ነበር፣ በኋላ ነው ወደ ክፋት የዞረው። ራንከር የበሰበሰና የሸተተ ነገርን ከሚያመለክት ግስ ነው፤ በአማርኛ ቂም የምንለው እሱ ነው፣ እየቆየ የሚሻግት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያለ ሰው ቂም ከውስጥ ሆኖ ባለቤቱን እንደሚያጋልጥ ያውቃል።

ያቆመን ስድስተኛው ነው። ኦዲየም።

ይህ ቃል ላቲን ነው፣ እንግሊዝኛው ውስጥ የገባውም እንዳለ ነው። ፍቺው ጥላቻ ይባል እንጂ አነጋገሩ ከሄትረድ ይለያል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሄትረድ አለኝ» ይላል፤ «ኦዲየም አለኝ» አይልም። ኦዲየም ከጠሊው ልብ ወጥቶ በተጠላው ሰው ትከሻ ላይ ያረፈው ነገር ነው። አንድ ባለሥልጣን መጥፎ ሥራ ይሠራል፣ ኦዲየሙ ይወርድበታል፤ አንድ ቤተሰብ ስሙ ይጠፋል፣ ኦዲየሙን ተሸክሞ ይኖራል። ማን እንደጠላው በስም ላይታወቅ ይችላል። መጠላቱ ብቻ ይታወቃል።

ልጁ «ታዲያ ይሄ በአማርኛ የለም» አለ። አለ። «ጥርስ ውስጥ መግባት» ነው። «እሱ ሰውዬ የአገሩ ጥርስ ውስጥ ገብቷል» ሲባል የማን ጥርስ እንደሆነ አይነገርም፣ የሚጠይቅም የለም። የተነከሰው ሰው ብቻ ነው የሚታየው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብሆን ኖሮ በኦዲየም ትይዩ ይህችን ብቻ ጽፌ ወደሚቀጥለው ቃል አልፍ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል። «ጠላ» በግእዝ ጸልአ ነው፤ ጥላቻውም ጽልእ። ትግርኛ ጽልኢ እያለ ከሥሩ ሳይርቅ ይዞታል። አማርኛ «ጸ»ን ወደ «ጠ» መመለስ ይወዳል፤ ጸጉርን ጠጉር፣ ጸሎትን ጠሎት እንደሚለው ሁሉ ጸልአም ጠላ፣ ጽልእም ጥል ሆኑ። ስንጠምቀው ጠላ የሚባለው መጠጥ ከዚህ ጋር የአፍ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ግጥም አዋቂዎች ግን መገጣጠሙን ሰምና ወርቅ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እዚህ ጉቴ ገበያ ዳር አንድ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሹፌር «ጠላ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የመሸታ ቤቷ ባለቤት ጣሳውን እያለቀለቀች «ጠላ የለም፣ ፈርሶ ነው ያለው» ስትለው ሰምቻለሁ። በአፋን ኦሮሞ ተጠራ እንጂ መጠጡ ያው ነው። ሹፌሩ ቀልዱ ገብቶት ይሁን ጠምቶት፣ ሁለት ጣሳ ጠጥቶ ሄደ።

የግሱ ሀብት ያለው ግን እርባታው ላይ ነው። «ተጣሉ» በሉ። በቅርጹ እርስ በርስ የመጠላት ነገር ይመስላል፤ በአነጋገር ግን ጠብ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ወንድማማች ይጣላል፣ ማታ ተጣልተው ጠዋት አብረው ቡና ይጠጣሉ። እውነተኛውን መጥላት ለመናገር ግሱን መድገም ግድ ነው፤ «ተጠላሉ»። በመጣላትና በመጠላላት መካከል አንዲት «ላ» ብቻ ነች፣ ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ሲመጣ «እነሱ ተጠላልተዋል» ተብሎ እጅ ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «አስጠላ» አለ። ይህ ግስ ሁለት ኑሮ ይኖራል። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ ዝናቡ አስጠላኝ፣ ወረፋው አስጠላኝ፣ ይሄ ምግብ ያስጠላል። ማንም ማንንም እየጠላ አይደለም፤ ሰው ተሰላችቷል፣ አንገፍግፎታል። አፋን ኦሮሞም ጂባ ከሚለው ሥር ያንኑ አርብቶ «ጂቢሲሳ» ይላል፣ ለአስቀያሚና ለሚያሰለች ነገር። የገረመኝ ላቲኑም እዚሁ መንገድ ላይ መገኘቱ ነው፤ ኦዲየም በፈረንሳይኛ አልፎ ሲመጣ እንግሊዞች ዛሬ ለመሰላቸት የሚሉትን ኤንዊ የሚባለውን ቃልና ለማናደድ የሚሉትን አኖይ ወልዷል። ሦስት ቋንቋ፣ የማይተዋወቁ ሦስት መንገዶች፣ ሁሉም ከጥላቻ ተነሥተው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማዛጋት ላይ ደርሰዋል።

ሁለተኛው የ«አስጠላ» ኑሮ ከባዱ ነው፤ «ከሰው አስጠላኝ»። እገሌ ስሜን አጥፍቶ አለቃዬን አስጠላብኝ፣ ምራቴ ልጄን ከእኔ አስጠላችው። እዚህ ላይ የሚሠራ ሰው አለ፣ የሚሠራበት ሰው አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ መጥላት የሚማር ሦስተኛ ሰው አለ። ይህ ሦስተኛ ሰው ዋናው ነው፤ ሲጀመር ምንም ቂም ያልነበረው፣ ነገር ሲነገረው ዋለ አደረና የጠላ። ነገሩን በትክክል የያዘው ቃል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጥላቻ ንግግር ሕጉ ሲጻፍ ግን ለርዕስ የተመረጠው ሌላው፣ «ጥላቻ» ነው።

የሕጉን ነገር ከማንሣቴ በፊት ነቀምቴ ስለኖረ አንድ ሰው ልናገር፤ ጥርስ ውስጥ መግባትን እንደሱ ያየ ጥቂት ነውና። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ሁሩሙ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ የደረሰና እዚያ ነፃ የወጣ ነው። ሰውን ሁሉ ለመጥላት በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ ግን እንደሱው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመልስ ኖረ፤ መጽሐፉ በግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ሲያስተምር ብዙ ሳይቆይ የአካባቢው ካህናት ማርያምን ሰደበ ብለው ከሰሱት፤ አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈረዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አለዝበው ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን አይስበክ አሉ። ስብከቱ የተፈቀደለት በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው።

ላቲኖቹ ለእንዲህ ያለው ነገር የተለየ ስም አላቸው፤ የሃይማኖት ሊቃውንት እርስ በርስ የሚጠማመዱበትን ኦዲየም ለብቻው ይጠሩታል። በሃይማኖት ቅባት፣ ጸጋና ካራ እየተባባለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተነታረከ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ጉባኤ ለቆመ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የኦነሲሞስን ነገር ያነሣሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከካህናቱ ስንቱ ሰውዬውን በልቡ ጠልቶት ነበር? አይታወቅም፣ መልሱም ለእሱ ምንም አይጠቅመውም። እሱን የነካው በከተማው ፊት የተጠላ መደረጉ ነው። አሥር ዓመት አፉን የዘጋው እሱ ነው።

ሕጎቻችን ይህን ልዩነት በአንድ ወቅት ያውቁ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2044 ላይ፣ ስም ማጥፋትን ሲተረጉም የተናጋሪውን ስሜት አይመረምርም፤ ሰውዬው በንግግሩ ወይም በጽሑፉ ሌላውን ሰው የሚጠላ፣ የሚናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን አድርጎ ስሙን፣ በእሱ ላይ ያለውን እምነት ወይም የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ ጥሏል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይህ ጥርት ያለ ኦዲየም ነው፤ ጥርት ያለ «አስጠላ» ነው። ችግሩ የሚጠብቀው አንድን በሕይወት ያለ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሕዝብ፣ ብሔር፣ ምዕመን ስሙ ሲጠፋ የሚከስበት አንቀጽ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የመናገር ነፃነትን ሲሰጥ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር በሕግ እንደሚከለከል ጨመረ፤ ዝርዝሩ ግን ለሌላ ሕግ ቀረ።

ያ ሌላ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሆኖ መጣ፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር። «የጥላቻ ንግግር» የሚለው ስያሜ ራሱ ከአሜሪካ የሕግ ጸሐፊዎች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተለመደው፤ ቃል በቃል ተመልሶ አማርኛ ገባ፣ በአፋን ኦሮሞም ሃሳ ጂቢንሳ ሆነ። ምክር ቤቱ የካቲት 5 ቀን አጸደቀው፣ መጋቢት 14 ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ያኔ ወለጋ ምን ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር። እኛ ምሥራቅ ወለጋዎች ኢንተርኔት አልነበረንም፣ ስልክም ከትልልቁ ከተማ ውጪ አይሠራም ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያው ጽሑፍ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ የሚያዝ ሕግ ሲጸድቅ እዚህ የሚነሣም የሚለጠፍም አልነበረም። መጽደቁን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ሃሎ በአፋን ኦሮሞ ቂምና በቀል ማለት ነው፤ በስልክ የምንለው «ሃሎ» ጠፍቶ የቀረው ያኛው ብቻ ነው እያሉ በምሬት የሚቀልዱ ነበሩ። መስመሩ የተመለሰው መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው፤ ሕጉ ቀድሞን ገብቶ ነበር።

ሕጉን ያነበበ ሰው፣ መጥላት የሚማረውን ሦስተኛ ሰው እዚያ ያየዋል። በትርጓሜው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ተለይቶ በሚታወቅ ሰው ወይም ቡድን ላይ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ይላል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። ጥናት፣ ዜና፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት እንደ ነገሩ ሁኔታ ከክልከላው ውጪ ናቸው። «የሚያነሣሣ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ የአዋጁ ሆድ ሦስተኛውን ሰው ያውቀዋል። ስሙ ግን አያውቀውም። ሰው ደግሞ አዋጅ የሚያውቀው በስሙ ነው።

ውጤቱን ገበያ ላይ እሰማዋለሁ። «የጥላቻ ንግግር ተናገረ» የሚለው ክስ ዛሬ ማንኛውንም መራራ ወቀሳ ይሸፍናል፤ መንገዱ ለምን አልተሠራም ያለውም፣ ሹሙን የተቸውም፣ ጎረቤቱን የሰደበውም እዚያች ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ ሁሉም ከጥላቻ ነው የተናገረው ተብሎ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም ገና ሲረቀቅ ትርጓሜው ሰፊ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ራባት ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት መመዘኛ ስድስት ነገር ይጠይቃል፤ አውዱን፣ የተናጋሪውን ማንነት፣ ሐሳቡን፣ የንግግሩን ይዘት፣ ምን ያህል እንደተሰራጨና ጉዳት የማስከተሉን ዕድል። ከስድስቱ የተናጋሪውን ልብ የሚነካው አንዱ ብቻ ነው። አምስቱ የሚለኩት ውጭ ያለውን ነው፣ ሰሚውንና ሊመጣ የሚችለውን።

በተቃራኒው፣ ሰው የሚያስገድለው ንግግር «ጠላሁ» ሲል እምብዛም አይሰማም። ይህን ሩዋንዳ አስተምሮናል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የሚል ኮሊን ሬዲዮ ሰዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር፣ መግደልን ደግሞ «ሥራ»። ሥራ ሂዱ ማለት ምን ጥላቻ አለው? የሩዋንዳን ጭፍጨፋ የዳኘው የአሩሻ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሬዲዮው መሥራቾች ላይ ሲፈርድ የመረመረው ቃሉ በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሰሚ ጆሮ ምን ሆኖ እንደገባ ነው።

እኛም ዘንድ ጥላቻ የሚኖረው ግስ ላይ ሳይሆን ስም ላይ ነው። «ሰፋሪ» የሚለውን ውሰዱ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን እያነሣ ሲያሰፍር ወለጋ ብዙውን ተቀብላለች። ቃሉ ያኔ የመዝገብ ቃል ነበር፤ ራሽን የሚታደለውን ሰው ለመለየት። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ተወልዶ፣ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጋብቶ የሚኖረው የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም «ሰፋሪ» ሲባል ግን ቃሉ መዝገብ መሆኑ ቀርቷል፤ ገና ያልደረሰ፣ ነገ የሚሄድ እንግዳ እያደረገው ነው። «ነፍጠኛ»ም ነፍጥ ያዥ ወታደር ማለት ነበር፤ አሁን ነፍጥ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ይጠራበታል። በሌላው ወገን ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ ለዘመናት ይጠራበት የነበረው፣ ከአብዮቱ ወዲህ ከመንግሥት ወረቀት የወጣው ስም አለ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ አላሰፍረውም። ዛሬም አንድን የወለጋ ወጣት በቋንቋው ብቻ «ሸኔ» ብሎ መጥራት ያው ሥራ ነው። አንዳቸውም ውስጥ «ጠላ» የሚል ፊደል የለም።

ጥቅምት 22 ቀን 2013 ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ጊምቢ ወረዳ ቶሌ፤ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች፣ ሕፃን ሳይቀር፣ በጅምላ ተገደሉ። በኪረሙና በጊዳ አያና ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሰው አልቋል፣ ከሁለቱም ወገን ተፈናቅሏል። የነዚህን ነገር በቃላት ጉዳይ አልጠቀልለውም፤ ጠመንጃ፣ መሬትና ፖለቲካ አለበት። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሟቾቹ አስቀድሞ በስማቸው መጠራት ቀርቶባቸው ነበር።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ስሙ በትክክል የተጠራ ሰው ነው የሞተው። የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ደጃቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ሲከስ ያቀረበው አቤቱታ ፌስቡክ ላይ አባቱን የሚወነጅሉ ጽሑፎች ከነፎቶግራፋቸውና ከነመኖሪያ ሰፈራቸው ተለጥፈው፣ ይነሣልን ተብሎ ሲለመን በጊዜው እንዳልተነሡ ይገልጻል። የኬንያ ፍርድ ቤት መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ሰውዬው ይህ ነው፣ ቤቱ እዚህ ነው ማለት ነው ነገሩ ሁሉ። በሰዋስው ከመረመርነው አድራሻ መስጠት ነው።

የድሮ ሰዎች ለሚተዋወቁ ጠላቶች ሥርዓት አበጅተው ነበር። ገዳይ ይታወቃል፣ የሟች ወገን ይታወቃል፤ እስኪታረቁ ድረስ በአንድ ዕቃ አይጠጡም፣ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ከዚያ በእኛ ዘንድ ጉማ ይከፈላል፣ አማራው ደም ያደርቃል፣ ሽማግሌ መሃል ይገባል። ሃሎ እንኳ ባለቤት አለው፤ ከማን ለማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ስለዚህም ማብቂያ አለው። ጥርስ ውስጥ የገባ ሕዝብ ግን ማንን ጉማ ይጠይቃል? ጥርሱ የማን ነው? አንድ በዕድሜ የገፉ ኦቦ፣ ብዙ ደም ያስታረቁ ናቸው፣ ይህን ስጠይቃቸው በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ዝም አሉ። ቆይተው «እኛ የምናስቀምጠው ሁለት ሰው ነበር» አሉኝ። «አሁን አንዱ ወንበር ባዶ ነው።»

ልጁ ያን ማታ ሥራውን እንዲህ ጨረሰ፤ ከሄት ትይዩ መጥላት፣ ከሄትረድ ጥላቻ፣ ከኤንሚቲ ጠላትነት፣ ከአኒሞሲቲ ጥምድ አድርጎ መያዝ፣ ከራንከር ቂም፣ ከኦዲየም ጥርስ ውስጥ መግባት። በአፋን ኦሮሞም ለመጻፍ ፈልጎ የመጨረሻዋ አስቸገረችን፤ እኔ የማውቃቸው ሁሉ የጠሊው ስሜት ናቸው። «አኮን እጠይቃለሁ» ብሎ ወጣ። አጥሩ አንድ ስለሆነ አያቱን ሲያስረዳ ይሰማኛል፤ አኮ፣ አንድ ሰው አለ፣ ሁሉም ጠልቶታል፣ እሱ የተሸከመው ነገር ምን ይባላል?

አሮጊቷ ቃሉን አልሰጡትም። «ኤኙቱ ጂባሜ?» አሉት፤ የተጠላው ማነው?

«ማንም» አላቸው፤ «የእንግሊዝኛ ጥያቄ ነው።»